እጅ የሚጠይቀው ጥያቄ

(ጎንደር ላይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጤና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወፍጮ ቤት ጤፍ የምታስፈጭ እናት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዱቄቱ ገና በትኩሱ ሲወርድ ቆንጠር ታደርግና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ታሸዋለች። ዓይኗ ዱቄቱ ላይ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አጠገቧ ካለችው ሴት ጋር ጨዋታ ይዛለች። ከዚያ ወይ «ልሟል» ትላለች፣ ወይ «ኧረ አልላመም፤ ጠበቅ አድርገው» ትላለች። ባለ ወፍጮውም ሳይከራከር ያጠብቀዋል።

ያቺ እናት ዱቄቱን ጨብጣ ዝም ብላ ብትቆም መልሱን አታገኘውም ነበር። የጣታችን ጫፍ ሳይንቀሳቀስ ሁለት ነጥቦችን «ሁለት ናቸው» ብሎ ለመለየት በመካከላቸው ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ይፈልጋል። ጤፉ ራሱ፣ ሳይፈጭ እንኳ፣ ርዝመቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ዱቄቱማ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ የዱቄት ቅንጣት እየቆጠረ የሚለይ ጣት የለም። ጣቶቹ ሲታሹ ግን ቅንጣቶቹ ቆዳውን ያንዘፈዝፉታል፤ ሻካራው የሚሰጠው ንዝረትና የላመው የሚሰጠው ንዝረት ይለያያል። እሷ የምታነበው ያንን ንዝረት ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳቪድ ካትስ በ1925 ስለ መዳሰስ ባሳተመው ጥናት አጥብቆ የያዘው ነጥብም ይኸው ነበር፤ ለማየት ብርሃን የግድ እንደሆነ ሁሉ ለመዳሰስም እንቅስቃሴ የግድ ነው።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ድሮውንም ያውቀዋል። «ነካሁ» እና «ዳሰስኩ» አንድ አይደሉም። ግድግዳውን ነካሁ ያለ ሰው እጁ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ዳሰስኩ ያለ ሰው ግን የሚፈልገው ነገር ነበረው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ጊብሰን በ1962 ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል። የብስኩት ሊጥ የሚቆረጥባቸውን ትንንሽ የቆርቆሮ ቅርጾች ወሰደና ሰዎች ሳያዩ እንዲለዩአቸው አደረገ። ቅርጹ መዳፋቸው ላይ ተጭኖ ሲቀመጥ በትክክል የለዩት 49 ከመቶ ነበር። መዳፋቸው ሳይነቃነቅ ቅርጹ ሲሽከረከርበት 72 ከመቶ ደረሰ። ራሳቸው በጣታቸው ሲዳስሱት 95 ከመቶ ሆነ። ጣታቸው ከመዳፋቸው ይልቅ ስሱ መሆኑ የራሱ ድርሻ አለው፤ ሆኖም እዚያው መዳፍ ላይ እንኳ እንቅስቃሴ ሲጨመር ውጤቱ ምን ያህል እንደዘለለ ተመልከቱ።

እስቲ አሁን ከኪሳችሁ ወይም ከቦርሳችሁ አንድ ዕቃ ሳታዩ አውጡና እጃችሁ የሚያደርገውን ተከታተሉት። መጀመሪያ ጥቅልል አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ገና አንድ ሴኮንድ አልሞላም፤ ግን መጠኑን፣ ክብደቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ ጥንካሬውን በደምሳሳው አግኝታችኋል። ለብዙ ዕቃ ይኸው ይበቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርታ ክላትስኪና ሱዛን ሌደርማን ከባልደረባቸው ጋር በ1985 ባወጡት ጥናት ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች 100 የዘወትር ዕቃዎችን በእጃቸው ሲለዩ ወደ 96 ከመቶ የሚሆነውን በትክክል ሰይመዋል፤ አብዛኛውንም ከ5 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ከዚያ በፊት መዳሰስ ደካማ ስሜት ነው የሚለው ግምት የመጣው ተመራማሪዎች ለእጅ ትርጉም የሌላቸውን ጠፍጣፋ ቅርጾች እየሰጡ ስለፈተኑት ነው። ማንኪያና ቁልፍ ሲሰጡት ግን ዐወቀ።

ከመጀመሪያው ጭበጣ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች በ1987 የሰዎችን እጅ በቪዲዮ ቀርጸው ሲመረምሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እጅ የራሱ የሆነ እንቅስቃሴ እንዳለው አገኙ። እኛ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳምንት በመጣ ቁጥር የምናየው ነው። ጋቢ የሚገዛ ሰው ፈትሉን ሊያውቅ ጣቱን ወዲያና ወዲህ ያሻል። ቲማቲም የምትመርጥ ሴት ጫን ታደርጋለች። ዶሮ የሚገዛ ሰው በእጁ አንጠልጥሎ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ደረቷን ተጭኖ አጥንቱ ላይ ምን ያህል ሥጋ እንዳለ ያያል፤ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት እንቅስቃሴ። የልጇን ትኩሳት የምታይ እናት እጇን ግንባሩ ላይ አሳርፋ ትቆያለች፤ አታሽም፣ አትጫንም። ሎሚ ትልቅ ይሁን ትንሽ ለማወቅ በመዳፍ መጠቅለል ይበቃል። የቁልፉን ጥርስ ለመለየት ግን ጣት ጠርዙን ተከትሎ መሄድ አለበት፤ ውዱም እንቅስቃሴ ይሄ ነው። በዚያ ጥናት ሌሎቹ እንቅስቃሴዎች ከ4 ሴኮንድ በታች ሲጨርሱ፣ ጠርዝ መከተል በአማካይ ወደ 11 ሴኮንድ ወስዷል።

እንግዲህ እጅ የሚያገኘው መልስ በጠየቀው ጥያቄ ልክ ነው። የይስሐቅን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓይኑ ፈዟል፣ ድምፁ የያዕቆብ መሆኑን ጆሮው ነግሮታል፤ ነገር ግን የፍየል ጠቦት ለምድ የተጠቀለለበትን እጅ ዳሰሰና የዔሳው ነው አለ። በመዳሰስ ጥናት ዓይን ሲታይ ርብቃ ያደረገችው እጅግ ጠንቃቃ ሥራ ነው። ማታለል የፈለገችው ቅርጽን አልነበረም፤ ጠጕራምነትን ነበር። እጅ ከቅርጽ ይልቅ ፈጥኖ የሚያምነው ሻካራነትን፣ ልስላሴን፣ ሙቀትን፣ ጥንካሬን ነው፤ ዕቃው የተሠራበትን ነገር ማለት ነው። ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያየው ቅርጽን ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ መምህር ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸውን ስሕተቶች ሁሉ ይሠራል።

ስለ ቆዳው ጥቂት ልበል። በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ላይ ወደ 17,000 የሚሆኑ የንክኪ ስሜት ተቀባዮች አሉ፤ በአራት ይከፈላሉ። የሜርክል የሚባሉት ጠርዝንና ነጥብን ይለያሉ፤ የማይስነር የሚባሉት ዕቃ ከጣት ሊያመልጥ ሲንሸራተት ቀድመው ያስጠነቅቃሉ፤ የሩፊኒ የሚባሉት የቆዳን መወጠር ይከታተላሉ። አራተኞቹ የፓቺኒ ናቸው። በጥልቀት የተቀበሩ፣ ርዝመታቸው እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ በሴኮንድ 250 ጊዜ አካባቢ ለሚርገበገብ ንዝረት ከሁሉ የነቁ ናቸው። ወጥ የምታማስል ሴት የድስቱ ግርጌ መያዝ መጀመሩን ሽታው ሳይመጣ በማማሰያዋ የምታውቀው በእነሱ ነው። እጇ ድስቱን አልነካም፤ እንጨቱ ያመጣላትን ንዝረት ግን ጫፉ ላይ እንዳለች ያህል ታነበዋለች። የዓይነ ስውር በትርም እንዲሁ ይሠራል። ስለዚህ በትሩ ቀጥ ያለና የማይለመጥ መሆን አለበት፤ ጫፉ ላይ ወፍራም ጎማ ወይም ጨርቅ ከታሰረበት ንዝረቱ እዚያው ይሞታል፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ አንድ ይሆናሉ።

ከዚህ ሌላ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ስሜት አለ፤ ጣቶቻችን ምን ያህል እንደተከፈቱ የሚነግረን እሱ ነው። የብርጭቆን ስፋት የሚለካው ቆዳ ሳይሆን የጣቶቹ መራራቅ ነው።

ሙቀትና ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። ጧት ፋሲል ግቢ ገብታችሁ በጥላ በኩል አንድ እጃችሁን የግንቡ ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን የእንጨቱ በር ላይ አሳርፉ። ሁለቱም በአንድ ብርድ ነው ያደሩት፤ ቴርሞሜትር ብታስነኩአቸው ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። ድንጋዩ ግን ይቀዘቅዛችኋል። የእጅ ቆዳ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ሙቀትን ከእንጨት በብዙ ፈጥኖ ይወስዳል፣ ብረት ከድንጋይም በእጅጉ ይብሳል። እጃችሁ ያወቀው ድንጋዩ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳይሆን ሙቀታችሁ በምን ፍጥነት እየተወሰደ እንደሆነ ነው፤ ብረትን ከፕላስቲክ የምንለየውም በዚህ ነው። ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ዕቃዎችን መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አታሰንብቷቸው፤ ሙቀታቸው ከቆዳው ሙቀት ጋር ሲተካከል ይህ ምልክት ይጠፋል።

እጅም ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ሥርዓት አለው። ጀርመናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ኤርንስት ቬበር በ19ኛው መቶ ዘመን እንዳስተዋለው የቀዘቀዘ ሳንቲም ከሞቀው ይልቅ ከባድ ይመስላል። በተመሳሳይ ክብደት ትንሹ ዕቃ ከትልቁ ይልቅ ይከብደናል፤ ሁለቱንም መዝነን እኩል መሆናቸውን ካየን በኋላ እንኳ ትንሹ መክበዱን አይተውም። ሚዛን በሌለበት በእጅ የሚገምት ሰው መያዣቸው እኩል የሆኑ ዕቃዎችን ቢያወዳድር ይሻለዋል፤ ያን ጊዜም ቢሆን አንሥቶ የሚለየው ትንሹ ልዩነት ከ40 አንድ እጅ ያህል ነው፤ 2 ኪሎ ቅቤ ላይ 50 ግራም መሆኑ ነው። ከዚያ ያነሰውን እጅ አያውቀውም። የአርስጣጣሊስን ሙከራ ደግሞ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አሳዩአቸው፤ ሌባ ጣትንና የመሐል ጣትን አቆላልፋችሁ በመካከላቸው አንዲት ሽንብራ አንከባልሉ። ሁለት ሽንብራ ትሆናለች። የሁለቱ ጣቶች ውጪያዊ ጎን በዘወትር ሕይወት አንድ ትንሽ ዕቃ አብረው ነክተው ስለማያውቁ ነው።

አሁን ወደ ክፍል ውስጥ እንግባ፤ በጣም የሚያሳስበን እዚህ ነውና። ለማያይ ልጅ ጀበና ለማስተማር ብዙ ጊዜ የሚደረገው ወረቀት ላይ በኮላና በክር የጀበና ሥዕል መሥራት ነው። ድካሙ የሚመሰገን ነው፣ ልጁ ግን አያውቀውም። ለምን? እውነተኛው ጀበና እጁ ሲገባ የሸክላው ሻካራነት አለ፣ ቅዝቃዜው አለ፣ ሆዱ መዳፉን ይሞላዋል፣ አንገቱ በሁለት ጣት ይጨበጣል፣ እጀታው ጣት ያስገባል። ሥዕሉ ላይ ይህ ሁሉ ጠፍቶ የቀረው ክሩ ብቻ ነው። ልጁ ያለው አንድ እንቅስቃሴ ጠርዝ መከተል ነው፤ ያም ከሁሉ የዘገየው ነው። ሆዱም ክብ ክር፣ እጀታውም ክብ ክር ይሆንበታል፤ የቱ ባዶ እንደሆነ፣ የቱ ሙሉ እንደሆነ ክሩ አይናገርም። የሚያይ ሰው እንኳ ዓይኑ ተሸፍኖ እንዲህ ያለ ሥዕል ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ ይሳሳታል። ሥዕሉ ጥቅም አለው፤ ግን ዕቃውን ካወቀው በኋላ የሚመጣ፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛውን፣ ሙሉውን ዕቃ። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ እንዳይንሸራተት ሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይደረግ፤ የሚሸሽ ዕቃ አንዱን እጅ ለመያዝ ያሠራዋል። ሁለቱንም እጁን ይጠቀም። የልጁን እጅ ከላይ ጨብጣችሁ አትጎትቱት፤ የእናንተ እጅ ከሥር ሆኖ የእሱ በላዩ ይረፍ፣ ሲፈልግ ወርዶ ይዳስስ። የሚጎተት እጅ ጥያቄውን ራሱ አልጠየቀም። «አፉ ወደ አንተ ነው የዞረው፣ የኔ ጌታ» ብሎ አቅጣጫ መንገር ይረዳል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ዕቃ እያዞሩ ለእያንዳንዱ አሥር ሴኮንድ መስጠት ግን ማስተማር አይባልም፤ አሥር ሴኮንድ አንድ ጠርዝ ዞሮ ለመጨረስም አይበቃም። ከክፍል በፊት ወይም በእረፍት ሰዓት ዕቃው እጁ ላይ ይሰንብት።

እጅ የማይችለው ትልቅ ነገርስ? አፄ ፋሲል በ1636 መናገሻቸውን እዚህ ካደረጉ ወዲህ ግንቡ የከተማችን መታወቂያ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ዓይነ ስውር ልጅ ግን ግንቡ ምን እንደሚመስል ላያውቅ ይችላል። ከከተማችን አጠገብ ካለችው ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሞዴል መሥራት ይቻላል። ቁመቱ ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ሁለት እጅ አቅፎ የሚይዘው። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ወደ አንድ አሥረኛ ሊጨማደድ ስለሚችል ከሚፈለገው ከፍ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። አራቱ የማዕዘን ማማዎች ክብነታቸው፣ ጉልላታቸውና ከጣሪያው በላይ የሚወጣው ባለ አራት ማዕዘን ማማ በግልጽ ይለዩ። የግንቡ ጫፍ ጥርሶች በትክክለኛው ልክ ከተሠሩ ተጣብቀው እንደ ሻካራ ጠርዝ ብቻ ይሰማሉ፤ ልኩን አፍርሳችሁም ቢሆን በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ሹል ጫፍ በአሸዋ ወረቀት ይስተካከል፤ ልጁ አንዴ ከተወጋ ጣቱ ፈርቶ አይመለስም። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ እውነተኛውን ግድግዳ ይዳስስ፣ በእግሩ ዙሪያውን ይዙር፣ የማዕዘኑን ማማ በክንዱ ለማቀፍ ሞክሮ አይደርስበት። ከዚያ ነው ሞዴሉ የሚሰጠው። ያለዚያ ሞዴሉ የሸክላ ሣጥን ነው።

ስለ ብሬል አንድ ነገር ብቻ። የብሬል ነጥብ ከፍታው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ በአንድ ፊደል ውስጥ ያሉት ነጥቦች መራራቅ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ ካልነው የጣት ጫፍ አቅም እምብዛም አይርቅም። በዚህ ምክንያት ነጥቡን አሳንሶ ወረቀት መቆጠብ አይቻልም። ጀማሪ ተማሪ ፊደሉ ሲጠፋበት የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጣቱን ይጫናል፣ ላይ ታች ያሻል። ሁለቱም ይጎዱታል። መጫን ቆዳውን ስለሚደፈጥጠው ነጥቦቹ ይዋሐዳሉ፤ ላይ ታች ማሸት መስመር ያስታል፣ ወረቀቱንም ያደክማል። ጣት ከግራ ወደ ቀኝ በልስልስ ንክኪ ሳያቋርጥ ይንሸራተት። ወረቀቱ ወፍራም ካልሆነ በስሌትና በስታይለስ (ብሬል በእጅ በሚጻፍባቸው ቀዳዳማ ሰሌዳና መውጊያ) የተወጋው ነጥብ ከጥቂት ንባብ በኋላ ይተኛል። የከተማችን ጧት ብርድ ነው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነን። የቀዘቀዘ ጣት ይደነዝዛል፤ ከንባብ በፊት ሁለት ደቂቃ እጅን በብብት ማሞቅ ተማሪን ሰነፍ ከመባል ያድናል።

ለጤና ተማሪዎች። ከስትሮክ በኋላ ቆዳው እየሰማ እጁ ዕቃ የማያውቅ ሕመምተኛ ታገኛላችሁ፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ፓሪዬታል ሎብ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ለመፈተን መጀመሪያ በጥጥ ንክኪው መኖሩን አረጋግጡ፤ ቆዳው ራሱ ካልሰማ ፈተናው ትርጉም የለውም። ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ፣ ባልተጎዳው እጅ ጀምሩ፤ ሰውየው ዕቃ መሰየም መቻሉን የምታውቁት በዚያ ነው። ማንኪያ፣ ስኒ፣ እስክሪብቶ፣ ሳንቲም ይበቃሉ። ቁልፍ ስትሰጡ ነጠላውን ስጡ፤ ዘለላው ሲንሿሿ ጆሮ ይመልሳል። «አባባ፣ በእጅዎ ያለው ምንድን ነው?» በሉ፤ «ቁልፍ ነው?» አትበሉ። ጣቱ ደክሞ ዕቃውን ማገላበጥ ካልቻለ እናንተ ጣቶቹ መካከል አገላብጡለት፤ ያለዚያ የጡንቻን ድካም የአንጎል ችግር ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ሰው እጁ በተፈጥሮው ከሌላው ይበልጣል ወይ?

መልስ፦ ቆዳው ያው ነው። በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የጣት ጫፍ ስሱነት ከጣቱ መጠን ጋር ይሄዳል፤ ትንሽ ጣት ያለው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ረቂቁን በተሻለ ይለያል። ዓይነ ስውራን በአማካይ ረቂቅ ጭረቶችን በመለየት ይበልጣሉ፤ ብሬል ሲያነቡ ለእይታ የተመደበው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታይቷል። ይህ የሚመጣው በሥራ ነው። ምስር ሲለቀም ልጁ «ተው፣ አታይም» ተብሎ ከሚገለል ሰፌዱ ጉልበቱ ላይ ይቀመጥለት። ምስሩ ሁሉ ልሙጥና ጠርዙ የተስተካከለ ነው፤ ጠጠር ግን ማዕዘን አለው። ጥቂት በጥቂት እየዘረጋ በጣቱ ጫፍ ቢያንከባልለው ጠጠሩ በማዕዘኑ ይያዛል።